የንባብ አዳራሹ ፀሐይ

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱን የነደፈው ሰው ለመስታወት ያለው ፍቅር ለጉድ ነበር። የንባብ አዳራሹን የምዕራብ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት አድርጎ፣ በቀጫጭን የኮንክሪት ምሰሶዎች ከፋፍሎ፣ ተጨብጭቦለት ሄደ። ከሰዓት በኋላ የምትመጣዋን ፀሐይ ግን ለአንባቢዎቹ ጥሎላቸው ነው የሄደው።

አንባቢዎቹም መላ አላጡም። ፀሐይዋ አንድ ጠረጴዛ ስትይዝ እነሱ አንድ ጠረጴዛ ይለቃሉ። ወንበራቸውን እያነሱ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ ሲሸሹ፣ አመሻሽ ላይ አዳራሹ ሙሉ ሰው የኋላው ግድግዳ ሥር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይገኛል። ያኔ ሹክሹክታው አይጣል ነው።

የአዳራሹ ኃላፊ ይህን አምርራ ትጠላ ነበር። አንባቢዎቹ «እትዬ ጸጥታ» የሚሏት ወደው አይደለም። ወንበር ሲጎተት ጥርሷን ያማታል፤ ፀሐይ የበላችውን የመጽሐፍ ጀርባ ስታይ ደግሞ ሆዷን። መጋረጃ ይሰቀልልን ብላ ደጅ ያልጠናችበት ቢሮ የለም። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ሕንፃው ቅርስ ነው፣ ፊቱ አይነካም።

በመጨረሻ የሕንፃው እድሳት ሲጀመር የመጣው ወጣት አርክቴክት ነገሩን ገላገለው። ከመስታወቱ በስተውስጥ የሚወርድ፣ ከውጭ የማይታይ ስስ መጋረጃ አሰቀለ። የሕንፃው ፊት እንዳለ ሆኖ አዳራሹ ቀዘቀዘ። ሰው ሁሉ ጠዋት በተቀመጠበት ይውል ጀመር። ኃላፊዋ ደስታዋ ወሰን አጣ። መርፌ ቢወድቅ የሚሰማበት አዳራሽ በዕድሜዋ አየች።

በሳምንቱ ማታ አባቷ «ነገ እቤት ልቅር» አላት።

እናቷ ከሞተች ወዲህ አባቷ እቤት ውስጥ ቃል ከአፉ አይወጣም። ሰዓት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ ጠዋት ጠዋት አብሯት እየሄደ፣ መስታወቱ ሥር ጋዜጣውን ይዞ ይቀመጣል። ማታ ሲመለሱ መንገድ ላይ ግን ወሬኛ ነበር፤ ተማሪዎቹ ያሉትን፣ የተከራከሩትን እያነሳ ይስቃል።

«ምነው አባዬ፣ አመመህ?»

«ምንም አላመመኝም። ጋዜጣ እንደሆነ እቤትም አለ።»

ያን ጊዜ ገባት። ለመጻሕፍቱ ስትሟገት፣ ወደ ተማሪዎቹ የምትገፋው ፀሐይ ቀርታ አባቷ ሳምንቱን ሙሉ መስታወቱ ሥር ብቻውን እንደዋለ ልብ አላለችም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች።

በነጋታው አርክቴክቱን ይዛ «መጋረጃውን አንሳልኝ» አለችው።

«እትዬ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ስቀልልኝ ሲሉ የነበሩት?»

«እኔው ነኝ። ምን ላድርግህ?»

«መጻሕፍቱስ?»

ወደ መደርደሪያዎቹ ዞር አለች። መጋረጃው ሳይሰቀል መጻሕፍቱ በፀሐይ እያረሩ ነበር፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

አርክቴክቱ አሰበና «ተቀራርባችሁ ተቀመጡ የሚል ማስታወቂያ ብንለጥፍስ?» አላት።

ሳቋ መጣ። «አባቴን አታውቀውም። ይሉኝታው ይገድለዋል እንጂ ሳይጠሩት ሰው ጠረጴዛ አይሄድም። ቢጠሩትም አዘኑልኝ ብሎ ይቀራል። ፀሐይ ስታባርረው ግን ምን ያድርግ? ማንም አይታዘበውም።»

አርክቴክቱ ጭንቅላቱን አከከ። እሱ የተማረው ፀሐይን ማስቀረት ነው፤ ፀሐይ የምትሠራውን ሥራ ማን ይሥራ ብሎ የጠየቀው የለም።

በማግስቱ አባቷን ለምና፣ ተቆጥታ፣ እንደምንም ይዛው መጣች። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ቀዝቅዞ፣ ብርሃኑ ለስልሶ፣ ሰው ሁሉ በየቦታው አቀርቅሯል። አባቷ ያንኑ ጋዜጣ ዳግመኛ ይገልጣል። ኃላፊዋ ከወንበሯ ተነሳች። ሰው ምን ይለኛል ብላ ፈርታለች። አጠገቡ ደርሳ፣ አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተናገረች።

«አባዬ፣ ተነስ እንጂ! ፀሐይዋ እኮ መጣችብህ።»

ሰው ሁሉ ቀና አለ። አባቷ መጋረጃውን አየ። ጥላ ያጠላበትን ጠረጴዛ አየ። ከዚያ እሷን አያት፤ ብዙ አያት። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እውነትሽን ነው» አለ ጋዜጣውን እያጠፈ። «ዛሬስ ብሶባታል።»

ከኋላው ጠረጴዛ አንዲት ተማሪ ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች። «ወዲህ ይምጡ አባባ» አለችው። «እዚህ አልደረሰችም።»