የሁዳዴ ቁርስ

ቄስ አካለ ወልድ በቢቸና የሚታወቁት በሁለት ነገር ነው፤ በጾማቸውና በሽተኛ በማጽናናታቸው። የታመመ ሰው ቤት ገብተው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ይቀመጡና «መከራ ጸጋ ነው፤ ቻለው» ይላሉ። ጠበል ይረጫሉ፣ ይወጣሉ። በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎት ይህ ምክር ተቀይሮ አያውቅም። ለወባም፣ ለወገብም፣ በሬ ለሞተበትም ያው ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የንስሐ ልጃቸው ፈንታነሽ በሁዳዴ መግቢያ መጥታ ነበር። ፈንታነሽ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ፣ ስኳር በሽታ ያለባት ሴት ናት። ሐኪሙ መርፌ ተወግተሽ ጠዋት ጠዋት ብይ አለኝ፣ ምን ላድርግ ብላ ጠየቀቻቸው። «መከራ ጸጋ ነው፤ ቻይው» አሏት። ቻለችው። ከመርፌውና ከጾሙ ጾሙን መርጣ መርፌውን ተወች። ፋሲካ አልፎ ዳግማይ ትንሣኤ ሲደርስ ከግራ እግሯ ሁለት ጣት ተቆረጠ። ቄሱ ሊጠይቋት ሄደው ምን እንዳሏት መገመት አያዳግትም።

ያን ጊዜ ፈንታነሽ ያላወቀችው ነገር ቢኖር እሳቸውም ስኳር እንዳለባቸው ነው። የሚያውቁት ባለቤታቸው ይርጋነሽና የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ምሥራቅ ብቻ ነበሩ። መጀመሪያ ክኒን ነበር፤ ዘንድሮ ከጥቅምት ወዲህ ግን መርፌ ሆነ። ሲስተር ምሥራቅ ከሆሳዕና ከተማ ተመድባ የመጣች የወንጌላውያን አማኝ ናት። ከመርፌው በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መብላት እንዳለባቸው ሦስት ጊዜ ነገረቻቸው፤ ቄሱም ሦስት ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁዳዴ ሲገባ መርፌውንም ጾሙንም ያዙ። መርፌው የሐኪም ትእዛዝ ነው፣ ጾሙ የእግዜር። ሁለቱንም ያከበረ ሰው ምን ይሆናል?

ወፍጮ ቤት በር ላይ ይወድቃል። በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ፣ ልብሳቸው በላብ ርሶ፣ ምላሳቸው ተሳስሮ ተዘረሩ። አንዱ ጠበል አምጡ አለ፤ ሌላው ዐይን ነው አለ፤ ባለወፍጮው ደግሞ በሩን እንዳይዘጉበት ትንሽ ፈቀቅ አድርጉልኝ አለ። ሲስተር ምሥራቅ ሮጣ ደርሳ ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጣቻቸው። ሲነቁ አፋቸው ውስጥ ጣፋጭ ነገር አገኙ።

«ስንት ሰዓት ነው?»

አራት ሰዓት ነው አሏቸው።

«ጾሜን አስገደፋችሁኝ።»

«አባ፣ መርፌው ሁዳዴ መግባቱን አያውቅም» አለች ሲስተር ምሥራቅ። «እየተወጉ ካልበሉ የሚቀጥለው ላይ የሚነሡ አይመስለኝም።»

ቄሱ ግን ሐሳባቸውን አልቀየሩም። የበላ ሰው መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። መቅደሱን ከመተው ወፍጮ ቤት በር ላይ መሞት ይሻላቸዋል፤ እንዲህም ብለው ለይርጋነሽ ነገሯት። ይርጋነሽ ከባሏ ጋር ተከራክራ አታውቅም። ማን እንደሚከራከርላት ታውቃለችና። መንገድ ክፍት በሆነበት ማክሰኞ ሚኒባስ አሳፍራ፣ ደብረ ወርቅን አልፋ፣ ሞጣ ወሰደቻቸው። ቄስም ንስሐ አባት አለው፤ የእሳቸው ንስሐ አባት መምሬ ደምለው የሚኖሩት ሞጣ ነው።

መምሬ ደምለው ዐይናቸው ከጠፋ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ ሁሉንም ሰሙ፤ መርፌውን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ በመጨረሻም በግድ የወጣውን የፈንታነሽን ጣት። እዚያ ላይ ሲደርሱ ስንት ጣት ነው ብለው ጠየቁ። ሁለት ነው ተባሉ። ቄስ አካለ ወልድ መቼም መዝሙረ ዳዊት ከነሙሉ ስግደቱ እንደማይቀርላቸው ገምተው ጉልበታቸውን እያሻሹ ይጠብቁ ጀመር።

«እስከ ፋሲካ በየጠዋቱ በሁለት ሰዓት ቁርስ ትበላለህ» አሉ መምሬ ደምለው። «ደጃፍህ ላይ።»

«መቅደሱስ፣ አባቴ?»

«መቅደሱ ከአንተ በፊትም ነበረ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«እሱማ ነው ቀኖናው።»

ሐሙስ ጠዋት ይርጋነሽ ግማሽ እንጀራ በሽሮ ደጃፉ ላይ አቀረበች። ቤታቸው ገበያ መሄጃው ላይ ነው። ቄሱ ባርከው ቆረሱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጾመዋል፤ እንደዚያች ጉርሻ የከበዳቸው ነገር ግን አልነበረም። በውኃ ገፏት። አላፊ አግዳሚው እጅ ይነሣል፣ ሰሐኑን ያያል፣ እንዳላየ ይሆናል። ቅዳሜ ላይ ከተማው ምክንያቱን ደርሶበታል። ነርሷ ስትመላለስ ስለታየች ጴንጤ ሆነዋል ያለ አለ። ግብርና ቢሮ የሚሠራው ጎረቤታቸው ዳይት ነው ብሎ አስረዳ። እሑድ ከሌላ ደብር በመጣ ቄስ ተቀደሰ። ቄስ አካለ ወልድ ውጭ ከሕዝቡ ጋር ቆመው አስቀደሱ። ግቢው ውስጥ ያለው ፀሐይ ይህን ያህል እንደሚያቃጥል በሃያ ስድስት ዓመት የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ሰኞ ፈንታነሽ ሽንኩርቷን አዝላ፣ ዱላዋን ይዛ መጣች። ከሰሐኑ ፊት ቆመች። እንደ ሌላው እንዳላየች አልሆነችም።

«አሞዎት ነው?»

«ስኳር ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስት ዓመት ሆነኝ።»

ዱላዋን ተደግፋ አሰበች። ስሌቱ ቀላል ነበር።

«እኔ ስጠይቅዎ ያውቁ ነበራ።»

«አውቅ ነበር። ክኒኔን ደብቄ እየዋጥሁ እጾም ነበር።» ጉርሻውን መልሰው አስቀመጡት። «ያን ቀን የነገርሁሽ ልክ አልነበረም፣ ፈንታነሽ። ጣትሽን የወሰደው የእኔ አፍ ነው። ይቅር በይኝ።»

ይቅር ይበልዎት አላለችም። ልትሄድ ሸክሟን አስተካከለች። ግንባሯን ላብ አጥምቆታል። ቄሱ ይህን ላብ ያውቁታል፤ የወፍጮ ቤቱ ላብ ነው።

«መርፌሽን ተወግተሻል?»

«ጣቴ ከሄደ ወዲህ መች እተወዋለሁ።»

«በልተሻል?»

«ሁዳዴ አይደለም እንዴ?»

«ነይ ተቀመጪ።»

መንገዱን በዐይኗ አመለከተች። ገበያተኛው ይጎርፋል። «ሰው ያየኛል፣ አባ።»

ቄሱ መምሬ ደምለው የመለሱላቸውን ሊመልሱላት አፋቸውን ከፈቱ፤ ተዉት። ተነሥተው ሽንኩርቷን አወረዱላት። እሷን ግድግዳው በኩል አስቀምጠው እሳቸው በመንገዱ በኩል ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውንም ገልጠው በሰፊው ዘረጉት። አሁን መንገደኛው የሚያየው አንድ የሚበላ ቄስ ብቻ ነው። ሰሐኑን ወደ እሷ ገፉት።

ፈንታነሽ ቆረሰች፤ አኘከች። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ጎረሰች። ላቧ ደረቅ አለ።

«ሽሮው ጨው ይጎድለዋል» አለች።

ይርጋነሽ ከውስጥ ሰምታ ጨውና ሌላ ግማሽ እንጀራ ይዛ ወጣች። ግብርና ቢሮ የሚሠራው ጎረቤት ሲያልፍ እንደምን አደሩ አላቸው። ቄሱ ትልቅ ጉርሻ ጎርሰው ወደ እሱ ዞሩና አፋቸው እንደሞላ እግዚአብሔር ይመስገን አሉት።