የሆልኮም ለቅሶ

«እኔ እዚያ የተማረ መሀል ገብቼ ምን ልሠራ ነው መምህር? እንግሊዝኛ አልሰማ!» አለች እትዬ ኡሚ። ይህን የምትለው ግን አዲሱን ሻሿን አስራ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ በሩ ላይ ቆማ ነው።

«እርስዎ ባይኖሩ ይኼ ጥናት አይኖርም ነበር። ከፊት ነው የሚቀመጡት» አላት መምህር ሀብተወልድ፣ የጸዳውን ኮቱን እንደገና እየቦረሸ።

እውነቱን ነው። ነገሩ የተጀመረው በእሷ ነው። ካቻምና የሰላም ጓዱ አሜሪካዊ መምህር ከቡታጅራ ወደ አገሩ ሲመለስ ሸክላ ማጫወቻውንና ሽፋኑ የጠፋ አንድ ሸክላ ለሀብተወልድ ትቶለት ሄደ። ሸክላው መሀል የተለጠፈችው ክብ ወረቀት የሙዚቃውን ደራሲ ስም፣ ኤልመር ሆልኮም፣ እና የተደረሰበትን ዓመት ከመንገር በቀር ሌላ ትንፍሽ አትልም። ሀብተወልድ ማታ ማታ፣ ሰፈሩ ከሙስተፋ ወፍጮ ሞተር በተሳበ ሽቦ መብራት ሲያገኝ፣ ይህችኑ ሸክላ ያጫውታል። ወፍጮው እህል ሲበዛበት አምፖሉ ፍም መስሎ ይቀላል፤ ሙዚቃውም ወፍራም፣ ዘገምተኛ፣ ሆድ የሚያባባ ሆኖ ይወጣል። ሀብተወልድ ጋይንት ተወልዶ በመሪጌታ አባቱ እግር ሥር ያደገ ነው፤ ለእሱ ዜማ ማለት ድሮም የማይቸኩል ነገር ነው። እንኳን ሊጠረጥር፣ «ፈረንጅም ለካ ዕዝል ያውቃል!» ብሎ ተደነቀ። ዕዝል የጾምና የሐዘን ዜማ አይደል?

አንድ ምሽት ቤት ያከራየችው ኡሚ ከግድግዳው ወዲያ ስታለቅስ ሰማ። በማግስቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ አስቆመችውና፣ «መምህር፣ ያ ሰውዬ ማን ሞቶበት ነው?» አለችው። የእሷ ልጅ ሳኒ ለጥጥ ለቀማ አዋሽ እንደወረደ በወባ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። ሬሳውን አላየችም፤ መቃብሩንም አታውቀውም።

ሀብተወልድ ጥያቄዋን ይዞ አዲስ አበባ ወዳለ አንድ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ጻፈ። የሆልኮም ሕይወት የተጻፈበት ቀጭን መጽሐፍ በፖስታ መጣለት። መጽሐፉ ስለ ሙዚቃዎቹ እምብዛም አያወራም፤ ስለ ሰውዬው ኑሮ ግን ይዘረዝራል። መሀሉ ላይ ሲደርስ ሀብተወልድ ቀጥ አለ። የሆልኮምን ትንሽ ልጅ ወንዝ ወስዶታል፤ ዓመቱም ሸክላው ላይ የተጻፈው ዓመት ነው! ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያሻል? ሮጦ ወጣና ለኡሚ ነገራት።

«ልጅ ነው የሞተበት።»

ኡሚ አልገረማትም። «አላህ ያጽናው» አለች፣ ሰውዬው ጎረቤት ያለ ይመስል።

ከዚያ ወዲህ ሀብተወልድ እንቅልፍ አልነበረውም። ጻፈ፣ ደለዘ፣ ጻፈ። የሆልኮምን ሕይወትና ሙዚቃ እንዳጠና ለአሜሪካኖቹ ቢያመለክት፣ አንድ ሹም ራሱ መጥቶ ሊሰማው፣ ከወደደውም አሜሪካ ሄዶ ሙዚቃ የሚማርበትን ዕድል ሊሰጠው ቀጠሮ ተያዘ። የማን ያለህ! ዝውውር ሲለምን ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነው። አብረውት የተማሩት ባሕር ማዶ ደርሰው ተመልሰዋል፤ ከኋላው የመጣው ፈቃደ እንኳ ዲሬክተር ሆኖ እሱን ያዘዋል። ይህች ቀን ካመለጠችው እዚሁ የጠመኔ ብናኝ እየዋጠ እንደሚያረጅ አሳምሮ ያውቃል።

አዳራሹ ከጃንሆይ ሥዕል ሥር እስከ በሩ ድረስ በተማሪና በከተማው ሰው ጢም ብሏል። ሹሙ ሚስተር ፕሩት ገና ወጣት፣ ትሑት፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠው ሰው ነበር። ሀብተወልድ ማጫወቻውን ታቅፎ ሲገባ አይቶ፣ «አይድከሙ፤ ሙዚቃውን በቴፕ ቀድቼ ይዤ መጥቻለሁ። በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው» አለው።

ሀብተወልድ በእንግሊዝኛ ማንበብ ጀመረ። ስለ ወንዙ፣ ስለ ልጁ፣ ሐዘን አገርና ሃይማኖት እንደማይለይ አነበበ። ቋንቋውን ሳታውቅ ለቅሶውን ስላወቀች እናት የጻፈው ላይ ሲደርስ በእጁ ኡሚን አመለከተ። እሷም ሰው ሁሉ ሲያያት አንገቷን ደፋች። ፕሩት በመሀሉ ደጋግሞ ቅንድቡን ያነሳል። ሀብተወልድ አድናቆት መሰለው፤ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አሁን ያ አባት ሲያለቅስ እንስማው» ብሎ ጨረሰ።

ፕሩት ትንሽ አመነታና ቴፑን ከፈተው። ሙዚቃው ከጋጣ እንደተለቀቀ ጥጃ እየፈነጨ ወጣ። መለከቱ ይንጫጫል፣ ከበሮው ይጋልባል። ተማሪዎቹ እግራቸውን ማወዛወዝ ጀመሩ።

«ይኼ አይደለም! ተሳስተዋል» አለ ሀብተወልድ።

«ነው እንጂ። ለሰርከስ የተደረሰ ነው፤ ፈረሶቹ ሲገቡ የሚመታ» አለ ፕሩት።

ሀብተወልድ ግን ከዚያ ሁሉ ግርግር ሥር ዜማውን አወቀው። የሚወርድበት ቦታ፣ የሚመለስበት ቦታ፣ ስንት ሌሊት ከአንጀቱ የሰማው ያው ነው።

«ማጫወቻዎ መብራት ከየት ነው የሚያገኘው?» ሲል ጠየቀው ፕሩት በዝግታ።

«ከወፍጮ ቤት።»

ፕሩት ግንባሩን መታ። «በቃ! ሞተሩ እህል ሲከብደው ሸክላውም አብሮ ይጎተታል!»

መጀመሪያ የሳቀው ዲሬክተሩ ነው። «አይ ሀብተወልድ! ለሰርከስ ተዝካር አወጣህለት?» አለና ጭኑን መታ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ሀብተወልድ አጠገቧ ቁጭ ሲል ኡሚ ኮቱን ሳብ አደረገችው። «ይኼ ደግሞ የማነው መምህር?»

«የእኛው ሰውዬ ነው። ትክክለኛው እንዲህ ነው አሉ፤ እኔ አዝግሜ ነው የሰማሁት።»

ኡሚ ጆሮዋን ሰጥታ ትንሽ አዳመጠች። «ልጁ በሞተ ዓመት?»

«አዎ።»

«ውይ! በግድ አስጨፍረውት ይሆናል።»

ሀብተወልድ ልቡ ዘለለ። እንዴ! ቢሆንስ? ልጁን ወንዝ የወሰደበት አባት እንጀራ ሆኖበት ፈረስ ያስጨፈረ ቢሆንስ? ወፍጮው እያንገጫገጨ ያወጣው ሰውዬው የዋጠውን ለቅሶ ቢሆንስ? ይህን ተነስቶ ይናገር። ይሳቁበት፤ ይናገር ብቻ! ወረቀቱን ጨብጦ ብድግ አለ።

ፕሩት ግን ክንዱን ይዞ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለ። «እውነቱን ልንገርዎት፤ እንደ ጥናት ይኼ አይሆንም። ታሪኩ ግን ወርቅ ነው! ወፍጮው፣ አምፖሉ፣ ሴትዮዋ! እኛ አገር ዩኒቨርሲቲ ለዩኒቨርሲቲ እየዞሩ ቢያወሩት ሰው በሳቅ ይሞታል። እኔ ራሴ አቀርብልዎታለሁ፤ እስቲ አሁን ያውሩት፤ ልቅዳዎት።» ክፋት የለበትም። ደስታው ከልቡ ነበር። ሙዚቃውን አቆመና ሌላ ቴፕ አገባ፤ ድምፅ መቅጃውን ወደ ሀብተወልድ አዞረ።

ሀብተወልድ ወረቀቱን አጠፈ። ፈቃደ እጁን አጣጥፎ እየጠበቀ ነው። ቴፑ ባዶውን ይዞራል።

ከዚያ ጀመረ፤ በእንግሊዝኛ። ወፍጮውን አወራ፤ ሳቁ። አምፖሉን አወራ፤ ሳቁ። የመሪጌታ ልጅ የሰርከስ ፈረስ ሲሰማ እንዴት እንዳማተበ ጨመረበት። እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ ግን አሳቀ። አፉ ተፈታ። ከዚያ ሴትዮዋ ላይ ደረሰ። በየማታው ግድግዳ ተደግፋ ለፈረሶቹ የምታነባውን፣ አፍንጫዋን በሻሿ ጫፍ የምትጠርገውን፣ እንዲህ፣ እንዲህ አድርጎ አሳየ። ፕሩት እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ዲሬክተሩ ወንበሩን ያዘ።

ከፊት የተቀመጡት የላይኛው ክፍል ተማሪዎች ግን እንግሊዝኛው ስለሚገባቸው አንድ በአንድ ሳቃቸውን ዋጡ። አንዷ ኡሚን አየችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ኡሚ ቅድም ሲስቁበት ጨንቋት ነበር። አሁን እሱ ራሱ ሲስቅ፣ ፈረንጁም ትከሻውን ሲመታው አይታ ፊቷ በራ። ምን እንደሚያስቅ ባይገባትም አፏን በእጇ ሸፍና ከሰው ጋር ሳቀች።

«እሰይ! አለፍክ መምህር?»

«አለፍኩ» አላት።

«አልሐምዱሊላህ! ዱዓዬን ሰማኝ!» ብላ ብድግ አለች። ሁለት መዳፏን ወደ ሚስተር ፕሩት ዘረጋች። «አላህ ያክብርህ ልጄ። ለእኔ መምህር እንዳዘንክለት አላህ ይዘንልህ። የልጅ ሞት አያሳይህ።»

ፕሩት የሳቅ እንባውን በመሀረቡ እየጠረገ ወደ ሀብተወልድ ዞረ። ቴፑ አሁንም ይዞራል።

«ምን አለች?»

ሀብተወልድ ጉሮሮውን ጠረገ።