የመጋዙ መከለያ

አናጢው አናጢነቱን ከደበቀ አራት ወር ሞላው። እንጨት ቤቱ ውስጥ የሚያውቁት በጠራጊነቱ ነው። «አባባ መጥረጊያ» ይሉታል፤ ስሙን የጠየቀው የለም።

ልጁ የሞተው እዚሁ ነው፣ ትልቁ መጋዝ ላይ። ስለ አደጋው የተጻፈው ወረቀት «የጥርሱን መከለያ ራሱ ነቅሎ» ይላል። አባት አላመነም። ሙያውን ያስተማረው እሱ ነው፤ መከለያ ለሌለው መጋዝ ልጁ እጁን አይሰጥም። አቤት ቢል «ማስረጃ አምጣ» አሉት። የሚኖረው ሌላ ከተማ ስለሆነ እዚህ የሚለየው አልነበረም። ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብሎ መጥረጊያ ጨብጦ ገባ።

እየጠረገ ያዳምጣል። የሚሰማው ግን ቀልድ ብቻ ነው።

«ቀስ በሉ! እንደዚያ ችኩል ልጅ ነፍሳችሁን ለመጋዝ እንዳትገብሩ!» ይላል ቀለም ቀቢው። ሰው ሲስቅ አናጢውም ይስቃል። «አባባ መጥረጊያ፣ ሳቅዎ እንኳ አቧራ አለው!» ይሉታል። የተከራያት ክፍል ሲገባ መንጋጋውን ያመዋል።

ምሳ ሰዓት አጠገቡ የሚቀመጠው ትልቁን መጋዝ የሚያሠራው ባለመጋዙ ብቻ ነው። ብዙ አይናገርም፤ ካለው ያካፍላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጣውላ ሲያወርዱ አናጢው አንዱን ተቀበለ። ሳያስበው ጫፉን ወደ ፊቱ አምጥቶ፣ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ምላሱን ነክሶ ቀጥ ማለቱን አየ። ጠራጊ እንዲህ አያይም። ቀና ሲል ባለመጋዙ ፈዞ ያየዋል።

«አባባ፣» አለው ሌሎቹ ራቅ ሲሉ፣ «ያ ልጅም እንዲህ ነበር የሚያየው። ምላሱን ነክሶ።»

መካድ ይችል ነበር።

«ከኔ ተምሮ ነው፤» አለ አናጢው።

ባለመጋዙ ግንዱ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «መከለያውን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ወፍራም ግንድ አላስገባ ቢለን አለቃው 'ንቀለው' አለኝ። በማግስቱ ልጁን ሥራበት አለው፤ እምቢ ቢልም አስገደደው። ራሱ ነቀለ ብዬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ አባባ።»

«እኔ አንድ ነበረኝ።»

ባለመጋዙ ቀና ብሎ አየው።

«አራት ወር ሙሉ አብረን ስንበላ ምነው አንገቴን አላነቁኝ?»

«አንተ መሆንህን መች አወቅሁና!» አናጢው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዳኛ ፊት ትለዋለህ?»

ባለመጋዙ እጁን ሱሪው ላይ ደጋግሞ ጠረገ። «ዛሬ ካልሄድኩ ነገ አልሄድም፤ ራሴን አውቀዋለሁ። እንሂድ፣ አባባ።»

አብረው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ባለመጋዙ ቃሉን ሰጠ፤ የአለቃውንም ስም አስመዘገበ። ፖሊሱ ጽፎ ሲጨርስ «አንተ ግን እዚሁ ትቆያለህ» አለው። ባለመጋዙ ቀበቶውን ፈቶ አስረከበ።

«አባባ፣ ቤቴ ከወፍጮው ጀርባ ነው፣ ሰማያዊ በር። ሚስቴ እንዳትጠብቀኝ ይንገሩልኝ።»

አናጢው ብቻውን ወጣ። የመጣበትን አግኝቷል፤ ደስታውን ቢፈልገው ግን አጣው። ወፍጮውን አልፎ በሩ ፊት ቆመ። ከውስጥ ልጆች ይንጫጫሉ። አንኳኳ።

«ማነው?» አለች ሴት።

«ከእንጨት ቤቱ ነኝ፤» አለ። በሩ እስኪከፈት ከልብሱ ላይ የእንጨቱን አቧራ አራገፈ።