ሲቋረጥ ብቻ የሚናገር

ጋሽ ኬብል የሚለው ስም የወጣላቸው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሆስፒታሉን የኔትወርክ ኬብል ሲዘረጉ ስለኖሩ ነው። የትኛው ገመድ በየትኛው ግድግዳ ውስጥ እንደሚያልፍ የገዛ ቤታቸውን ያህል ያውቁታል። ጉልበታቸው መሰላል አልወጣም ሲል የቁጥጥር ክፍሉ ውስጥ ወንበር ተሰጣቸው፤ ይሄኔ ደግሞ ዓይናቸው ከዳቸው። መነጽር ተቀየረ፣ መድኃኒት ታዘዘ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም።

የወንበሩ ሥራ ላየው ሰው ቀላል ነው። ፒንግ የምትባል ትንሽ ትእዛዝ ይጽፋሉ፤ እሷ አንዱን ኮምፒውተር በየሰከንዱ «አለህ?» እያለች ትጠይቅና የመለሰላትን በቁጥር የታጨቀ መስመር አድርጋ ስክሪኑ ላይ ትደረድራለች። ለጋሽ ኬብል ግን ያ ሁሉ ፊደል የጉንዳን ሰልፍ ነው። ስለዚህ ዘዴ ዘየዱ፤ ማንበቡን ትተው መውረዱን ብቻ ማየት። መስመሩ ከወረደ ኮምፒውተሩ አለ፣ ከቆመ የለም። ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ጉዱ፣ ፒንግ መልስ ስታጣም ዝም አለማለቷ ነው። «መልስ የለም» እያለች ያንኑ በሚመስል ፍጥነት መስመር ታወርዳለች። ማክሰኞ ጠዋት ከላብራቶሪ ተደውሎ መስመራችን ሞተ ሲባሉ፣ ጋሽ ኬብል ሰልፉ ሲወርድ አይተው «ከእኛ በኩል ደህና ነው፣ ኮምፒውተራችሁን አጥፍታችሁ አብሩት» አሉ። ምስኪኖቹ አራት ጊዜ አጥፍተው አበሩ። እስከ እኩለ ቀን የደም ምርመራ ውጤት በእጅ እየተጻፈ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ቆየ።

«ሰው አንዴ ይሳሳታል፤ ከተደገመ ግን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው የማዛውርዎት» አላቸው አለቃቸው። ጋሽ ኬብል ከጡረታ ይልቅ ይህን ፈሩ። ሕንፃውን በእጃቸው ያገናኙ ሰው መጥረጊያ ሊያስረክቡ ነው።

አጠገባቸው የምትቀመጠው ባልደረባቸው ቁጥቧ ትባላለች፤ ሁለት ቃል በሚያስፈልግበት ቦታ አንድ ስለምትጠቀም። ሁሉንም ስታይ ነበር።

«ጋሼ፣ ፊደሉ ይታይዎታል?»

«እንደ ቀትር ፀሐይ።»

«እሺ» አለችና ወደ ኪቦርዷ ዞረች። እንዳላመነቻቸው ገባቸው።

ሙያ በልብ ነው የሚባለው ለእንደዚህ ዓይነቷ ነው። ፒንግን ንክች አላደረገቻትም። ፒንግ የምታወርደውን ከታች ተቀብሎ እንደ ዱቄት የሚነፋ፣ ስክሪፕት የሚሉትን አጭር ፕሮግራም ጻፈች፤ ርዝመቱ አሥራ አንድ መስመር። መልስ ሲመጣ ይጥለዋል። መልስ ሲጠፋ ድምፅ ያሰማና፣ በኮምፒውተሩ ቁጥር ፋንታ የክፍሉን ስም መዳፍ በሚያህል ፊደል ይጽፋል። የጎደላት የክፍሎቹ ዝርዝር ብቻ ነበር።

«አርባ ሁለት ቁጥር የማን ነው?»

«የላብራቶሪ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ከቀዩ በር ጀርባ ካለው ሳጥን ነው የሚነሳው።»

«ስልሳ አንድስ?»

«የራጅ ክፍል። ከሊፍቱ ጎን በኮርኒሱ ይዞራል፤ እዚያ ጋ አይጥ ትወደዋለች።»

ቁጥቧ አይጧንም ጻፈቻት። እንዲህ እያሉ ሰባ ሦስቱንም ክፍሎች ከነመንገዳቸው በቃላቸው ዘረዘሩላት። ጋሽ ኬብል ከኋላዋ ቆመው ሥራዋን ሲያዩ ተገረሙ። በዕድሜያቸው ብዙ ባለሙያ አይተዋል፤ ሥራ ሲያበዛ እንጂ እንዲህ ሲያሳንስ ያዩት የለም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ደህና ሲሆን ዝም የሚል ከሆነ፣ እሱ ራሱ ሞቶ ዝም ቢልስ በምን ይታወቃል? ሞቶ ያለ የሚመስል ነገር አንዴ ጉድ ሠርቶኛል።»

እጇ ኪቦርዱ ላይ ቆመ። «አላሰብኩትም» አለች። አሥራ ሁለተኛ መስመር ጨመረች፤ ስክሪፕቱ በሕይወት እስካለ ድረስ በየአምስት ደቂቃው አንዴ ጠቅ እንዲል።

ሐሙስ ዕለት አለቃው ለሌላ ጉዳይ መጥቶ ከኋላቸው እንደቆመ ድምፁ ጮኸ፤ የራጅ ክፍል የሚለውም ስክሪኑን ሞላው። ጋሽ ኬብል ስልኩን አንስተው ራጅ ክፍል ደወሉ። «መስመራችሁ አሁን ተቋርጧል፤ ሰው እየላክሁ ነው፣ ከሊፍቱ ጎን ነው የሚፈልገው» አሉ። እዚያ ያለችው ሠራተኛ ገና መቋረጡን አላወቀችም ነበር።

«ዓይንዎ ተሻለው ማለት ነው» አለ አለቃው ተደስቶ።

ዝም ቢሉ ነገሩ ባለቀ። ጋሽ ኬብልን ግን በቁጥቧ ሥራ መመስገን ከበዳቸው።

«አልተሻለውም። ማክሰኞም ሳላይ ነው አየሁ ያልኩት። ይሄን የሠራችው እሷ ናት።»

አለቃው ቁጥቧን አያት። በሕይወቷ ረጅሙን ንግግር አደረገች።

«ስክሪፕቱን ማንም ይጽፈዋል። ዝርዝሩ ግን የእሳቸው ጭንቅላት ነው። በዚህ ወር ብቻ አራት ክፍል ቦታ ቀይሯል። እሳቸው ከሄዱ ዝርዝሩ ውሸታም ይሆናል።»

አለቃው አገጩን አሻሸ። የማክሰኞው ነገር አናዶታል፣ አሁንም አልበረደለትም። «በሌሎቹም ኮምፒውተሮች ላይ ጫኑት» አለ በመጨረሻ። «ዝርዝሩም ባለቤት ይኑረው። የጋሼ ስም ይጻፍበት፤ ሲሳሳት ማንን እንደምጠይቅ ልወቅ።» ብሎ ወጣ።

ጋሽ ኬብል ለመቀመጥ ወንበሩን በእጃቸው ፈለጉት። ቁጥቧ ፋይሉን ከፍታ ጣቶቿን አዘጋጀች፤ ከዚያ ቆመችና በኃፍረት ዞረች። አምስት ዓመት አብረው ሲሠሩ ጠይቃቸው አታውቅም።

«ጋሼ፣ ሙሉ ስምዎ ማነው?»

ነገሯት። ጻፈችና አንድ ቁጥር ቀይራ ፊደሉን አሳደገችው። ጋሽ ኬብል ከተቀመጡበት ሳይጠጉ፣ ዓይናቸውን ሳያጠብቡ፣ የገዛ ስማቸውን ከነአባታቸው አነበቡ።