ስንዴ ያልገባበት ዳቦ

ወይዘሮ ማንአልሞሽ ከደሴው አውቶቡስ ወርደው ከሚሴ ያለውን የልጃቸውን ቤት ደጃፍ ሲረግጡ መጀመሪያ የሳሙት የልጅ ልጃቸውን ነበር፤ ቀጥለው ልጃቸውን ፈቃደን፣ በመጨረሻም ምራታቸውን አማከለችን ሳሙ። አማከለችን ሲስሙ ግን አፋቸውን ወደ ጆሮዋ አስጠግተው፣ «የሆዴን ነገር ለአንድ የከሚሴ ሰው ትንፍሽ እንዳትይ» አሏት።

የሆዳቸው ነገር እንዲህ ነው። ለዓመታት ሲነፋቸውና ሲቆርጣቸው ኖረው፣ ጠበሉም ኮሶውም አልሆን ብሎ፣ ቀሚሳቸው እላያቸው ላይ የተሰቀለ እስኪመስል ከከሱ በኋላ፣ ደሴ ያለ አንድ የውጭ አገር ሐኪም መርምሮ ስንዴና ገብስ በአፋቸው እንዳይዞር ከለከላቸው። ሰው በስንዴ ይታመማል ሲባል ዘመዱ ሁሉ ሳቀ። ወይዘሮ ማንአልሞሽ ሐኪሙን እየተሳደቡ ታዘዙት፤ ታዝዘውም ዳኑ። ጠላ ገብስ አለበት ሲባሉ ወደ ጠጅ ዞሩ፤ በዚህኛው ትእዛዝ ያን ያህል አልተከፉም። የከበዳቸው ዳቦ ነበር።

አሁን ደግሞ እሑድ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ነው። በእሳቸው ቤት ደንብ የክርስትናውን ዳቦ ካህኑ ባርኮ ይቆርሳል፤ የመጀመሪያውን ቁራሽ አያት ትጎርሳለች። አያት ሳትጎርስ ማንም እጁን አይሰድም።

«እበላለሁ» አሉ ወይዘሮ ማንአልሞሽ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ። «ሳልቀምስ ብቀር ሰው ምን ይለኛል? ምራቷን ጠልታ ነው ይለኛል። እበላና የመጣው ይምጣ!»

ባለፈው ፋሲካ እንዲሁ ብለው በልተው ሁለት ሳምንት ተኝተዋል። ፈቃደ ስልክ ቤት የሚሠራ፣ ቀኑን ሙሉ በሽቦ ከኮምቦልቻ ጋር ሲጯጯህ የሚውል ሰው ነው፤ እናቱ ፊት ግን ድምፁ ይጠፋል። እንደ ልማዱ ሚስቱን አየ።

አማከለች ዝምተኛ ናት። ደሴ ትምህርት ቤት ሳለች ባልትና ተምራለች፤ እዚያም ቢሆን መልሱን እያወቀች እጇን አታወጣም ነበር። ያን ቀን ምን እንደነካት እንጃ፣ «ያለ ስንዴ ዳቦ እጋግራለሁ» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

«ያለ ስንዴ ዳቦ? ያለ ካህን ክርስትና አትይኝም!»

«በማሽላ፣ እማማ።»

«እሱማ ቂጣ ነው። ስሚ ልጄ፣ ዳቦ ይቆማል፤ ቂጣ ይተኛል። ሽቅብ የቆመ ካሳየሽኝ እሱን እጎርሳለሁ። ከተኛብሽ የስንዴው ይምጣ።»

ነገሩ በዚህ ተቆረጠ።

የጨፋ ሜዳ ማሽላ ነጭና ጣፋጭ ነው፤ ግን አንዱ ቅንጣት ሌላውን አያውቀውም። የመጀመሪያው ዳቦ ቢላ ሲነካው እንደ ቦርከና ወንዝ አሸዋ ተናደ። ፈቃደ በማንኪያ በላውና፣ «ይጣፍጣል» አለ፤ ቆይቶም፣ «ለመሆኑ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ለሁለተኛው እንቁላልና የበሰለ ሙዝ ጨመረችበት። ያ አልተናደም፤ ግን ድስቱ ውስጥ እንደ ቆዳ ተነጠፈ። ወይዘሮ ማንአልሞሽ በጓዳው በር አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ «ተኝቷል» አሉና ሄዱ።

አማከለች ተስፋ አልቆረጠችም። በአውቶቡስ ሹፌር በኩል ያለ እርሾ ሊጥ የሚያነሳውን ቤኪንግ ፓውደር ከደሴ አስመጣች። ለክርስትና ማዕረግ እንዲኖረው ደግሞ ተምርና ለውዝ ልትጨምርበት አሰበች። ለውዙ ቤት ነበር፤ ለተምሩ ወደ ጎረቤቷ ወደ ሀዲጃ ሄደች። የሀዲጃ ባል ሙሀመድኑር ከባቲ ገበያ የማይቀር ነጋዴ ነው፤ ቤታቸው ተምር ጠፍቶበት አያውቅም።

«ለምንሽ ነው?» አለች ሀዲጃ፣ በጎድጓዳ ሳህን እየዘገነችላት።

«ለክርስትናው ዳቦ። ያለ ስንዴ ነው የምጋግረው፣ እትዬ።»

የሀዲጃ እጅ ቆመ። «ያለ ስንዴ?»

«በማሽላ።»

«የክርስትናውን ዳቦ?»

«አዎ።»

«አማትሽ ከደሴ ድረስ መጥተው?»

አማከለች ምን ትበል? የአማቷ አደራ አለባት። አንገቷን ደፍታ መሬት መሬት አየች። ሚስጥር የያዘ ሰውና ያጣ ሰው መሬት የሚያዩት አንድ ዓይነት ነው።

ሀዲጃ ሳህኑን እስከ አፉ ሞላችው። ከዚያ ትከሻዋን ዳበሰቻትና፣ «አብሽሪ፣ እህቴ» አለቻት። «አብሽሪ። አላህ ሁሉንም ያያል። ሰው ሆኖ የማይጎድልበት የለም።»

አማከለች አመስግና ወጣች። ስለ ጥቂት ተምር ይህን ያህል ማዘን ምን አመጣው ብላ ትንሽ ግር አላት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሀዲጃ ሳትጠራ መጣች፤ በነጠላዋ የጠቀለለችውን ነገር በብብቷ ይዛለች። አማከለች እንቁላሉን መትታ፣ ሙዙን አድቅቃ፣ ቅቤውን አቅልጣ፣ ማሽላውን ነፍታበት፣ ተምሩንና ለውዙን ጨምራ ታማስል ነበር። ሀዲጃ ወደ ድስቱ ጎንበስ ብላ አየችና በእጇ አፏን ያዘች።

«ይህ እኮ አጥሚት ነው!»

«እንዲህ ቀጠን ማለት አለበት።»

«እርሾውስ?»

«እርሾ የለውም። ይሄን ነጭ ዱቄት ነው የምጨምርበት።»

«መቼ ነው ታዲያ የሚያድረው?»

«አያድርም። አሁኑኑ ነው የሚጋገረው።»

«ሊጥ ሳያድር! ያ ረቢ!» አለች ሀዲጃ። እንደገናም በዚያ በትናንቱ ዓይን፣ በሐዘን አየቻት። «አብሽሪ ብቻ።»

ይህን ጊዜ ልጅቱ ከውስጥ አለቀሰች። አማከለች ማማሰያውን አስቀምጣ፣ «እሳቱን እይልኝ፣ እትዬ» ብላ ልታጠባ ገባች። ስትመለስ ድስቱ ተከድኗል፤ ከታችም ከላይም ፍም ተደርጎበታል። ሀዲጃ ደግሞ እጇን በቀሚሷ ታራግፋለች።

«ፍሙ ሊበርድ ሆነና ጣድኩት» አለች፣ ሌላ ሌላውን እያየች።

ክዳኑ ሲነሳ አማከለች ያየችውን ማመን አቃታት። ዳቦው ቆሟል። ያውም ክዳኑን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ከላዩ ቀልቶ፣ በየስንጥቁ ተምር ብቅ ብቅ ብሏል። ወይዘሮ ማንአልሞሽ ተጠርተው መጡ። በስንዝራቸው ለኩት። በጣታቸው ጫን አሉት፤ ተመልሶ ነፋ አለ።

«ማሽላ ነው?»

«ማሽላ ነው፣ እማማ!» አለች አማከለች፤ እንዲያ ቀና ብላ ተናግራ አታውቅም። ሀዲጃ የጣሪያውን ጥላሸት ታይ ነበር።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ በሰው ሞላ። መምሬ ምንዳዬ መስቀላቸውን አንስተው ባረኩ፤ ቢላውን ተቀብለው ዳቦውን ቆረሱ። አማከለች አጠገባቸው ቆማ ትሪ ይዛለች። ቁራሹ ከዳቦው ሲነሳ አልላቀቅ ብሎ ተሳበ፤ ጫፉ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ቀጥኖ፣ ተበጠሰ።

ማሽላ አይሳብም። ሳምንቱን ሙሉ ማሽላ ስታቦካ የሰነበተች እሷ ናት፤ አንድም ቀን አልተሳበላትም። እንዲህ የሚሳብ እህል እሷ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው። ቀና ብላ በር አጠገብ ከሴቶቹ መካከል የተቀመጠችውን ሀዲጃን አየቻት። ሀዲጃ ጠቀሰቻት። ከዚያም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ «አይዞሽ፣ ገመናሽን ሸፍኜልሻለሁ» ማለቷ ነው።

ቁራሹ ከካህኑ እጅ ወደ ወይዘሮ ማንአልሞሽ እጅ ተሸጋግሮ ወደ አፋቸው እየሄደ ነበር።

«እማማ፣ አይጉረሱት!»

ምራት የአማቷን ጉርሻ፣ ያውም የተባረከ፣ በእንግዳ ፊት ስትከለክል ከሚሴ አይታ አታውቅም። መምሬ ምንዳዬ መስቀላቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«ምነው?» አሉ ወይዘሮ ማንአልሞሽ።

እውነቱን ብትናገር የአማቷ ሆድ ይወራል፤ ሀዲጃም ታፍራለች። አማከለች ላብ አጠመቃት። «ይፋጃል» አለች።

«ትናንት የተጋገረ አይደለም እንዴ?» አለ ፈቃደ። ሳምንቱን ሙሉ እናቱ ፊት ዝም ብሎ ሰንብቶ አሁን አፍ አወጣ።

ሀዲጃ ከዚህ በላይ መቻል አልሆነላትም። ጎረቤቷ በሰው ፊት በእፍረት ስታልቅ ዝም ብላ የምታይ ሴት አይደለችም። ብድግ አለች።

«ይብሉት እማማ! ምን ያሳፍራል? ስንዴ ቢያጡ እኛ አለን! ወላሂ ምርጥ የፉርኖ ዱቄት ነው፤ ጣሳ ሙሉ የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ጎረቤት ለመቼ ነው? እሷማ ምስኪን፣ ስንዴ የለንም ማለት ከብዷት አንገቷን ስትደፋ አይቼ ልለፍ እንዴ!»

እንግዳው ሁሉ ዞሮ ፈቃደን አየው። ደመወዝተኛ ሆኖ ለልጁ ክርስትና ስንዴ ያጣ ሰው!

«እኛ ስንዴ አላጣንም!» ብሎ ጮኸ ፈቃደ። «ጓዳው ውስጥ ሙሉ ጆንያ አለ! ገብታችሁ እዩ!»

«ስንዴ ካለ ታዲያ ለምን ያለ ስንዴ ትላለች?» አለች ሀዲጃ። ጥያቄው የሁሉም ነበር።

ያኔ መልሱን ለመናገር የቀሩት ወይዘሮ ማንአልሞሽ ብቻ ነበሩ። ቁራሹ ከከንፈራቸው አጠገብ ነው። ጎርሰው ቢውጡት ሚስጥራቸው እንዳለ ይቀራል፤ የሚከተለውን ደሴ ሄደው በልብሳቸው ተሸፋፍነው ይችሉታል። አሸተቱት። በእፍረት በር በሩን የሚያየውን ልጃቸውን አዩት። ትሪውን ይዛ ዓይን ዓይናቸውን የምታየውን ምራታቸውን አዩ። ከዚያ ቁራሹን ትሪው ላይ መለሱት።

«ሆዴን ይነፋኛል!» አሉ፣ አስፋልቱ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «ስንዴ ሆዴን ይነፋኛል! ሐኪም ከልክሎኛል። ያጣ የለም፤ እኔ ነኝ አታውሩ ያልኩት። በቃችሁ?»

በቃን ያለ ግን አልነበረም። ቤቱ ሙሉ ሆዱን ማውራት ጀመረ። አንዱን ወተት ያጉረመርመዋል፤ አንዷን ጎመን። መምሬ ምንዳዬ ሳይቀሩ ባቄላ እንደማይስማማቸውና በጾም እንዴት እንደሚቸገሩ በዝርዝር ነገሩ። ሀዲጃ ራሷን ይዛ፣ «ልገድልዎት ነበር እኮ! አስተግፊሩላህ!» ትላለች።

ወይዘሮ ማንአልሞሽ ወደ አማከለች ዞሩ። «ሊጥሽ ማደር አለበት እንዴ?»

«አያድርም፣ እማማ።»

«እንግዲያው ተነሺ ጋግሪ። እንግዳው ይቆያል።»

ራሳቸው የማድቤቱ በር ላይ በርጩማ አስቀምጠው፣ ምርኩዛቸውን በበሩ አጋድመው ተቀመጡ። ማንንም አላሳልፍ አሉ፤ ሀዲጃን በተለይ።

«ወላሂ እጄን አልሰድም፤ ሽታውን ብቻ!»

«ከዚያው ሆነሽ አሽትች!»

አማከለች ክዳኑን አነሳች። ዳቦው አልተናደም፤ አልተኛም፤ ግን እንደ ትናንቱም አልቆመም። ፈቃደ በእናቱና በሚስቱ መካከል የሚገባበትን ጊዜ መምረጥ የማይሆንለት ሰው ነውና፣ «ይሄ ቆመ ይባላል?» አለ።

ወይዘሮ ማንአልሞሽ በቀኝ በኩል አዩት፣ በግራ በኩል አዩት።

«ተንበርክኳል» አሉ። «በክርስትና ቀን መንበርከክ ነውር አይደለም።»

መምሬ ምንዳዬ ባርከው ቆረሱ። ቁራሹ ሳይሳብ፣ ፍርፋሪውን እያራገፈ ተነሳ። ወይዘሮ ማንአልሞሽ ጎረሱ። ቀስ ብለው አላመጡ፤ ለውዙ በጥርሳቸው መካከል ሲሰበር ተሰማ። አማከለች አፍ አፋቸውን ታያለች።

«ይፈረፈራል» አሉ።

ሁለተኛውን ቁራሽ ራሳቸው አነሱ። ከዚያም ሳህኑን እንዳለ ስበው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

እንግዶቹ የሀዲጃን ባለ ስንዴ ዳቦ እየተሻሙ አነሱት፤ ግን የሁሉም ዓይን ከጭናቸው አልተነቀለም። መምሬ ምንዳዬ እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ ከዚያችኛዋም ለበረከት...»

«አባቴ፣ ሐኪም አዝዞልዎታል?»

«ለእኔ እንኳ አላዘዘልኝም።»

«ለእኔ አዝዞልኛል። የስንዴው እዚያ ነው።»

ሀዲጃ ቆየት ብላ ተጠጋች። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች። «ወይ እማማ፣ እኔንም ከትናንት ጀምሮ እዚህ ጋ ነፋ ነፋ ያደርገኛል።»

«እኔንም» አለ ፈቃደ።

«እኔንስ ቢሆን» አሉ ከወዲያ ጥግ አንድ ሽማግሌ፣ የስንዴውን ጉርሻ እያላመጡ።

«ደሴ ሄዳችሁ ተመርመሩ!» አሉ ወይዘሮ ማንአልሞሽ። ሆኖም ለአማከለች ጠቀም ያለ ቁራሽ ቆርሰው አጎረሷት። ለሀዲጃም ከዳር ትንሽ ቆርሰው ሰጧት፤ እስክትውጠው ድረስ ግን ዓይናቸውን ከእጇ አላነሱም።