የአርብ ስልክ

«አንገቷን አየሽው? ማተብ የለውም።»

ከድንኳኑ ጥግ የተንሾካሾከችው ሴት ማንም የሰማት አልመሰላትም። እታገኝ ግን ሰማቻት። ነጠላዋን ወደ አገጯ ሳብ አድርጋ አቀረቀረች። ከሪያድ ተነስታ ሐይቅ ከተማ የገባችው በሣልስቱ ማለዳ፣ እናቷ ወይዘሮ አንጓች ከተቀበረች በኋላ ነው። ለቅሶ ደራሹ «እግዜር ያጥናሽ» በሚላት ቁጥር አንጀቷን የሚበላት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ እናቴ እንደተቀየመችኝ ነው የሞተችው?

ከስድስት ዓመት በፊት ለሥራ ወደ ሪያድ የላካት ደላላ «ሀዲያ» በሚል የሙስሊም ስም ፓስፖርት ሲያወጣላት፣ ማተቧን በገዛ እጇ ቆረጠችው። እናቷ ጾም የማትገድፍ፣ ኪዳን የማያመልጣት፣ የሰፈሩን ሰው ሃይማኖት ስትመዝን የምትውል ሴት ነበረች። ክሩን ከመሬት አንስታ፣ «ይሄን የቆረጠች ልጅ አልወለድኩም» አለች። ከዚያ ወዲህ ስልኳን አንስታላት አታውቅም።

ስለዚህ እታገኝ አርብ አርብ፣ በእረፍት ቀኗ፣ የምትደውለው ለጎረቤታቸው ለእትዬ መስኡዳ ነበር። ሽባ ስለሆኑት የአሠሪዋ እናት፣ እንዴት እንደምታጥባቸውና እንደምታጎርሳቸው፣ ጾሙን በዳቦና በሻይ ስለማሳለፏ ታወራለች። ማብቂያው ላይ «እማዬስ?» ትላለች። «ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» ትላታለች መስኡዳ። ሌላ አትጨምርም።

ከሰዓት ድንኳኑ ሳሳ ሲል መስኡዳ መጥታ እጇን ያዘቻት። «አብሽሪ ልጄ። ነይ፣ ከኔ ቤት ትንሽ አረፍ በይ።»

ሐይቁን ከሚያሳየው መስኮት ሥር አንዲት በርጩማ ነበረች።

«ይቺ የእናትሽ ናት» አለች መስኡዳ። «አርብ አርብ እዚህ ተቀምጣ 'ድምፁን ከፍ አርጊው' ትለኛለች። ወላሂ፣ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም።»

እታገኝ በርጩማዋን በእጇ ዳበሰች። «ትሰማኝ ነበር? ታዲያ ምነው አንዲት ቃል ብትተነፍስ?»

«መጀመሪያ ንዴት ነበር፣ ኋላ ሀፍረት። የአሠሪሽን እናት እንደምታጥቢ የሰማች ቀን ልቅሶዋን ለቀቀችው። 'መስኡዳ፣ ክሩን ሳይ ልጄን ሳላያት ቀረሁ። እግዜርን እወዳለሁ እያልኩ ሰው ሳላውቅ አረጀሁ' አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆነች። የኔን አማት አጥባ ያስታመመች እሷ ናት። የታመመች ጎረቤቷን ጾም አስፈትታ ወተት ስታጠጣ አይቻለሁ፤ ያቺ አንጓች! እንዳልነግርሽ አስምላኛለች፤ ራሷ አንቺን ለማናገር ግን 'ለሚመጣው አርብ' ትላለች፣ አርብ ሲደርስ አፏ ይያዛል።»

መስኡዳ የሻሿን ጫፍ ፈትታ ጥቁር ክር አወጣች። «ስትመጪ ልታስርልሽ የገመደችው ነው።»

እታገኝ ተቀብላ አንገቷ ላይ አሰረችው። ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ላላባት።

«እትዬ፣ ዛሬም እኮ አርብ ነው» አለች።

መስኡዳ ገባት። የራሷን ስልክ በርጩማዋ ላይ አኖረችው። እታገኝ ወደ ጓሮ ወጥታ ደወለች። መስኡዳ አንስታ ድምፁን ከፍ አደረገችውና መልሳ አስቀመጠችው። ሁልጊዜ የምትለውን «ሃሎ» አላለችም።

«እማዬ» አለች እታገኝ። «እኔ ነኝ፣ እታገኝ። መጣሁ።»

ከዚያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።