የወንድይራድ መርዶ

ወንድሜ ወንድይራድ የጉበት ካንሰር እንዳለበት ከራሱ በስተቀር ሎስ አንጀለስ፣ የሐበሾች ሰፈር ፌርፋክስ ላይ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሥጋ ቤቱ ያውቃል፣ ፀጉር አስተካካዩ ያውቃል፣ ሃያ ዓመት መኪናቸውን ፓርክ ያደረገላቸው ደንበኞቹ እንኳ በሐዘኔታ ያዩታል። እሱ ብቻ ጨጓራ ነው ብሎ ወተት ይጠጣል። ይህን ያደረግነው እኛው ነን። ሐኪም ቤት አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ፤ ምን ብዬ እንደማስተረጉም የነገረችኝ ደግሞ ታላቅ እህታችን እትዬ ካሳነሽ።

«መዝሙር፣ የበሽታውን ስም ከሰማ በሳምንቱ ይሞታል» አለችኝ። አመንኳት። እውነቱን ለመናገር፣ ማመኑ ይቀለኝ ነበር።

ከአምስት ወር በኋላ ፓሳዴና ያለ አንድ ሆስፒታል ለሙከራ ሕክምና መረጠው። ሐኪሟ ወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችን። መድኃኒቱ በዓይን የማይታይ ቅንጣት ነው፤ ውስጡ ብረት፣ ልባሱ ወርቅ። በደም ሥር ይሰጥና ከውጭ በማግኔት እየተሳበ እጢው ላይ ይከማቻል። ከዚያ በቀጭን ክር ብርሃን ይገባል፤ ወርቁ ይግልና እጢውን ያቃጥለዋል፣ ጤነኛው ሥጋ ይተርፋል።

«ይሠራል ብዬ ቃል አልገባም» አለች። «ግን ሌላው መድኃኒት ሁሉ አልሆነለትም።»

እኔም ዞሬ «ለጨጓራህ አዲስ ነገር አምጥተዋል፤ ወርቅ አለበት» አልኩት።

ወንድይራድ ሳቀ። «ወርቅ ከሆነማ ስሞት እንዳትቆፍሩኝ!»

የፈቃድ ወረቀቱን ከመፈረሙ በፊት ግን በእኔ ፈንታ የሆስፒታሉ አስተርጓሚ በስክሪን ቀረበች። ሐኪሟ የጠየቀችውን በአማርኛ አለችው፦ «ሕመምዎ ምን እንደሆነ በራስዎ አነጋገር ይንገሩን።»

«ጨጓራ ነዋ!» አለ ወንድሜ።

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ኮሪደር ላይ ወስዳ አፋጠጠችኝ። ሕመሙን የማያውቅ ሰው ሊፈርም አይችልም፤ አሁኑኑ በአስተርጓሚዋ ልንገረው አለች። እኛ በወጋችን እንንገረው ብዬ ለመንኳት። ቅር እያላት እሺ አለች። «የቀረው አንድ ቦታ ነው። ዓርብ ጠዋት እንደውላለን» አለችኝ።

እትዬ ካሳነሽ ስትሰማ አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ አዛዥ ሆነች። «እንግዲያው በወጉ ይሁን። መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ።» አምስት ሰው ሰበሰበች። መሪያቸው ጋሼ ለይኩን ነበሩ፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከሠላሳ በላይ መርዶ ያረዱ፣ በዚህም የሚኮሩ ሰው።

ዓርብ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ቫን ናይስ ሰፈር የወንድሜን ቤት ደረጃ ወጣን። በሩን አንኳኳሁ። በካናቴራ ሆኖ ከፈተ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ፣ አንገታቸውን የደፉ ሰዎች አየ፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ከእኛ ከብልሆቹ አንዳችንም ያላሰብነው ነገር ይህ ነበር፦ በዚያ ሰዓት እንዲያ ሆኖ በር ላይ የሚቆም ሰው የሚመጣው ሌላ ሰው ሲሞት ነው።

«ማነው?» አለ። «ሄራን ናት? ልጄ ናት?» አንድ ልጁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር። መልስ ሳይጠብቅ ወለሉ ላይ ወድቆ ደረቱን መደለቅ ጀመረ።

«ኧረ ደህና ናት! ተነስ እንጂ!» አሉ ጋሼ ለይኩን ተደናግጠው። «ማንም አልሞተም!»

«ታዲያ ምን ሊነግሩኝ መጡ?»

ጋሼ ለይኩን እህቴን አዩ፤ እህቴ እኔን። እኔ እንደ ልማዴ ጫማዬን።

«ለ... ለምስጋና ነው» አሉ ጋሼ ለይኩን። «ሐኪሞቹ ድነሃል ብለዋል።»

የሠላሳ መርዶ ሰው! እትዬ ካሳነሽ እልል አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። አልዋሽም፣ እኔም አጨበጨብኩ።

ወንድሜ እየዞረ ጉልበታችንን ሳመ። ሮጦ ዳቦ ገዝቶ መጣ፣ ሻይ አፈላ። ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ሆስፒታሉ ነው ስል ከእጄ ነጥቆ ስፒከር ላይ አደረገውና «ወንድይራድ ነኝ» አለ።

«አቶ ወንድይራድ፣ ዛሬ ለሙከራው ይመጣሉ?» አለች አስተርጓሚዋ።

«ድኛለሁ እህቴ! ወርቁን ለታመመ ሰው ስጡልኝ።»

«ቤተሰብዎ ነግረውዎታል?»

«ሁሉም እዚሁ ናቸው! ነግረውኛል!»

«እርግጠኛ ነዎት?»

ዞሮ አየን፤ ፊቱ በደስታ በርቷል። ያን ጊዜ አፌን ከፈትኩ። እትዬ ካሳነሽ ዳቦ ቆርሳ አጎረሰችኝ።

«እርግጠኛ ነኝ» አለ።

ዳቦውን አላምጬ ዋጥኩት።

ከዚያ በኋላ ፌርፋክስን ከላይ እስከ ታች እየዞረ መዳኑን ተናገረ፤ ሁሉም አቅፎ እግዜር ይመስገን አለው። ሄራንንም ልትጠይቀው ልትመጣ ስትሰናዳ «ድኛለሁ፣ ትምህርትሽን ጨርሺ» ብሎ አስቀራት።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት ሕመሙ ጸንቶበት ሆስፒታል በተኛ በማግስቱ እነዚያው አምስት ሰዎች ጎህ ሲቀድ የእኔን በር አንኳኩ። በዚህ ጊዜ ጋሼ ለይኩን ቃል አልጠፋቸውም፤ የወንድሜን መርዶ በወጉ አረዱኝ።